በቻይና የአውሮፓ ኅብረት ንግድ ምክር ቤት የ2022 ዓመት ጉዞ

ከአገራቸው ውጭ ተሰማርተው የሚሠሩ ኩባንያዎች በሚሠሩበት አገር የጋራ የንግድ ምክር ቤት ማቋቋማቸው የቆየ አሠራር ነው። አሜሪካውያን ነጋዴዎች በቻይናዋ የወደብ ከተማ በሻንግሃይ የራሳቸውን የንግድ ምክር ቤት የመሠረቱት በ1915 ነበር። ዛሬ የውጭ ኢንቨስትመንት በስፋት በሚገኝባቸው አገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ዓይነት ማኅበራት ይገኛሉ።

የእነዚህ ምክር ቤቶች ስም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከስብሰባ፣ ከግብዣና ከልዑካን አቀባበል ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ዋነኛው ሥራቸው የአባሎቻቸውን ችግር አሰባስቦ፣ አጣርቶና በጽሑፍ አደራጅቶ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማቅረብ ነው። የዚህ ሥራ ፋይዳም ሆነ ገደብ በግልጽ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ በቻይና የአውሮፓ ኅብረት ንግድ ምክር ቤት ያሳለፈው የ2022 ዓመት ነው። ዓመቱ የተለመደው መርሐ ግብር በኮሮና ቫይረስ መከላከያ እገዳዎች የተናጋበትና ምክር ቤቱ አስተናጋጁ መንግሥት መስማት የማይፈልገውን ጉዳይ ለማቅረብ የተገደደበት ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምክር ቤቱ አመሠራረትና አደረጃጀት

በቻይና የአውሮፓ ኅብረት ንግድ ምክር ቤት በ2000 በ51 መሥራች ኩባንያዎች ተቋቋመ። ወቅቱ ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን የምታደርገው ድርድር የተጠናቀቀበት ዋዜማ ሲሆን፣ አገሪቱ በታኅሣሥ 2001 ድርጅቱን ተቀላቅላለች። ኩባንያዎቹን ያሰባሰባቸው ዓላማም ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የመጡ ባለሀብቶች በተናጠል ከመናገር ይልቅ በአንድ ድምፅ እንዲናገሩ ማድረግ ነበር። በ2022 የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ከ1 ሺህ 800 በላይ ደርሶ የነበረ ሲሆን፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱን በቤጂንግ አድርጎ በ7 ቅርንጫፎች አማካይነት በ9 ከተሞች ይንቀሳቀስ ነበር። ከእነዚህም መካከል ሻንግሃይ፣ ናንጂንግ፣ ቲያንጂን፣ ሼንያንግ፣ ጓንግዡ፣ ሼንዠን፣ ቼንግዱና ቾንግቺንግ ይገኙበታል።

ምክር ቤቱ ለትርፍ የማይሠራና ከአባላት በሚሰበሰብ ዓመታዊ መዋጮ የሚተዳደር ነው። የበላይ አካሉ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ ጉባኤው ፕሬዚዳንቱንና ምክትል ፕሬዚዳንቶቹን ይመርጣል። የተመረጡት የሥራ ኃላፊዎች በየኩባንያቸው መደበኛ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በ2022 ምክር ቤቱን በፕሬዚዳንትነት ይመሩ የነበሩት ሚስተር የርግ ዉትከ፣ የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ የባስፍ የቻይና ዋና ተወካይ ነበሩ። የዕለት ተዕለት ሥራው ግን በዋና ጸሐፊ በሚመራና ደመወዝ በሚከፈላቸው ሠራተኞች በተዋቀረ ጽሕፈት ቤት ይከናወናል።

የምክር ቤቱ የጀርባ አጥንት የሥራ ቡድኖቹ ናቸው። በመድኃኒት፣ በመኪና፣ በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በአቪዬሽን፣ በግብር፣ በሰው ኃይልና በሌሎችም መስኮች የተቋቋሙት ቡድኖች የየዘርፋቸውን ባለሙያዎች ያሰባስባሉ። አንድ ኩባንያ በራሱ ስም ለባለሥልጣን ለማቅረብ የሚያመነታበት ጉዳይ ወደ ሥራ ቡድኑ ሲመጣ የዘርፉ የጋራ ጉዳይ ይሆናል። አቤቱታ አቅራቢው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ችግሩ ብቻ ለውይይት ስለሚቀርብ ኩባንያው የሚፈራው ጣጣ ይቀንሳል። መሥሪያ ቤቱም በየቀኑ አንድ ዓይነት አቤቱታ ከተለያየ ሰው ከመስማት ይድናል።

በቻይና የውጭ ንግድ ምክር ቤቶችን የሚመለከተው ጊዜያዊ ደንብ በጁን 1989 ወጥቶ ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ነው። ደንቡ የውጭ ንግድ ምክር ቤት ማንኛውንም የንግድ ሥራ የማይሠራ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር መሆኑን ይደነግጋል። በተጨማሪም በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ያለፈውን ዓመት እንቅስቃሴ የሚያሳይ ሪፖርት እንዲቀርብ ያዝዛል። በመሆኑም የእነዚህ ማኅበራት ዓመት የሚጀምረው ለአስተናጋጁ መንግሥት በሚቀርብ ሪፖርት ነው ለማለት ይቻላል።

የተለመደው የዓመቱ የሥራ ዑደት

ምክር ቤቱ በየዓመቱ ሁለት ዐበይት ሰነዶችን ያዘጋጃል። የመጀመሪያው የንግድ መተማመን ዳሰሳ ጥናት ይባላል። በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት ለአባላት መጠይቅ ይላክና ውጤቱ በፀደይ መጨረሻ ወይም በበጋ መግቢያ ይፋ ይሆናል። መጠይቁ ኩባንያዎቹ ባለፈው ዓመት ስላገኙት ገቢና ትርፍ፣ ስለገጠሟቸው የአሠራር መሰናክሎች እንዲሁም ወደፊት ኢንቨስትመንታቸውን ለማስፋፋት ወይም ለመቀነስ ስላላቸው ዕቅድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የአቋም ሰነድ የሚባለው ሲሆን ዘወትር በሴፕቴምበር ወር ይወጣል። የሥራ ቡድኖቹ ወራት ወስደው የሚያዘጋጁት ይህ ሰነድ በመቶዎች በሚቆጠሩ ገጾች ለየዘርፉ ዝርዝር ምክረ ሐሳቦችን ይዟል። እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ የትኛው ሕግ፣ መመሪያ ወይም አሠራር እንዲሻሻል እንደሚፈለግ ያመለክታል። ሰነዱ ለቻይና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ለክፍለ አገር አስተዳደሮች ከመቅረቡም በላይ፣ የምክር ቤቱ ኃላፊዎች ወደ ብራስልስና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ዋና ከተሞች በመጓዝ ለኅብረቱ ተቋማትና ለአባል አገሮች ያስረዱታል።

ምክር ቤቱ ስለዚህ በሁለት አቅጣጫ ይናገራል። ለቤጂንግ የኩባንያዎቹን ችግር፣ ለብራስልስ ደግሞ የቻይናን ገበያ እውነታ ያስረዳል። ይህ ሁኔታ ከሁለቱም ወገን ጥርጣሬ ሊያስከትልበት ይችላል። በአንዱ ዘንድ የውጭ ኃይል ቃል አቀባይ፣ በሌላው ዘንድ ደግሞ ለአስተናጋጁ አገር የሚያደላ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። በመሆኑም የምክር ቤቱ ትልቁ ሀብት የሚያቀርበው መረጃ ተአማኒነት ነው።

በዓመቱ መግቢያ የተገኘ ውጤት

የ2022 ዓመት የተጀመረው በመልካም ዜና ነበር። ቻይና በ2019 በሥራ ላይ ባዋለችው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት፣ የውጭ አገር ሠራተኞች ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ትምህርትና ለቋንቋ ሥልጠና የሚከፈላቸው አበል ከግብር ነፃ የሚሆነው እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ብቻ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። የጊዜ ገደቡ ሲቃረብ የውጭ ንግድ ምክር ቤቶች ጉዳዩን ደጋግመው አንሥተዋል። ነፃ መብቱ ቢቀር የውጭ ባለሙያ ቀጥሮ የማቆየት ወጪ በከፍተኛ ደረጃ እንደሚጨምርና ቤተሰብ ያላቸው ሠራተኞች አገሪቱን ለቀው እንደሚሄዱ አስረድተዋል።

የቻይና መንግሥት በዲሴምበር 2021 የመጨረሻ ቀናት መብቱን እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ አራዘመ። በኦገስት 2023 ደግሞ እስከ 2027 መጨረሻ እንዲቀጥል ወስኗል። ይህ ምሳሌ ምክር ቤቶች ይበልጥ ውጤታማ የሚሆኑት መቼ እንደሆነ ያሳያል። ጥያቄው የተወሰነ ነበር፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይታወቅ ነበር፣ የመፍትሔው ወጪም ሊሰላ የሚችል ነበር።

በዚያው ወቅት ግን ሌላ ችግር እየከበደ ሄደ። ወደ ቻይና የሚገባ መንገደኛ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በአንዳንድ ከተሞችም ሦስት ሳምንት በለይቶ ማቆያ መቆየት ነበረበት። በአውሮፕላን ውስጥ ቫይረሱ የተገኘባቸው መንገደኞች ቁጥር ከተወሰነው ሲያልፍ አየር መንገዱ በዚያ መስመር ለጊዜው እንዳይበር ይታገድ ስለነበር የቲኬት እጥረት ተፈጠረ። በአውሮፓ የሚገኙ የኩባንያ የበላይ ኃላፊዎች የቻይና ፋብሪካዎቻቸውን በዓይናቸው ካዩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ለሥራ የሚያስፈልግ መሐንዲስ ለማስመጣትም ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር።

በፌብሩዋሪ የክረምት ኦሎምፒክ ውድድር በቤጂንግ ተካሄደ። ከውድድሩ በኋላ አሠራሩ ይላላል የሚል ተስፋ የነበረ ቢሆንም ሁኔታው በተቃራኒው ሆነ። በማርች ወር የቻንግቹንና የሼንዠን ከተሞች ነዋሪዎች ከቤት እንዳይወጡ ታገዱ። ማርች 28 ቀን ደግሞ የሻንግሃይ ተራ ደረሰ።

የሻንግሃይ መዘጋትና የኤፕሪል ደብዳቤ

ሻንግሃይ 25 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት፣ በዓለም ከፍተኛ የኮንቴይነር ጭነት የሚስተናገድበት ወደብ ያላት ከተማ ናት። እገዳው መጀመሪያ የታቀደው ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ለየአንዳንዱ ወገን ለጥቂት ቀናት ነበር። ይሁንና እስከ ጁን 1 ቀን፣ ሁለት ወር ያህል ዘለቀ። ወደቡ ባይዘጋም የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ ለመንቀሳቀስ የይለፍ ወረቀትና የምርመራ ውጤት ይጠየቁ ስለነበር ዕቃ ወደ ፋብሪካም ሆነ ወደ መርከብ በወቅቱ ሊደርስ አልቻለም። ሠራተኞቻቸውን በፋብሪካ ግቢ ውስጥ አስተኝተው ማምረት የቀጠሉ ኩባንያዎችም ነበሩ።

የምክር ቤቱ መደበኛ መርሐ ግብር በዚህ ጊዜ ተቋረጠ ሊባል ይችላል። የሻንግሃይ ቅርንጫፍ ሠራተኞችም እንደ ማንኛውም ነዋሪ በቤታቸው ተወስነው ነበር። ስብሰባዎች በኢንተርኔት ይካሄዱ ጀመር። የአባላቱም ጥያቄ ተቀየረ። ስለ ግብርና ስለ ፈቃድ መጠየቅ ቀርቶ ሠራተኛ እንዴት ወደ ሥራ ይመለስ፣ ምግብና መድኃኒት እንዴት ይድረስ፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ከቤተሰቡ እንዳይለይ ምን ይደረግ የሚሉ ጉዳዮች ቀዳሚ ሆኑ።

ምክር ቤቱ በኤፕሪል ወር ለቻይና መንግሥት ከፍተኛ አመራር ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ችግሩን ከመዘርዘር አልፎ የመፍትሔ ሐሳብ አቅርቧል። የበሽታ ምልክት የማይታይባቸው ወይም ቀላል ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቤታቸው ተለይተው እንዲቆዩ እንዲፈቀድና ክትባቱ፣ አዲሱን የኤም አር ኤን ኤ ቴክኖሎጂ ጨምሮ፣ እንዲስፋፋ ጠይቋል።

የከተማዋ አስተዳደርና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ፋብሪካዎችን በከፊል ለማስጀመር በዚያው ወር እርምጃ ወስደዋል። ቅድሚያ የሚሰጣቸው 666 ኩባንያዎች ዝርዝር ወጥቶ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ቢከፈት ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ የሚያቀርቡለት አነስተኛ ድርጅቶች ከተዘጉ ምርቱ ሊቀጥል አይችልም። በዝርዝሩ ውስጥ መግባት ብቻውን መፍትሔ ሊሆን ያልቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አስቸኳይ የዳሰሳ ጥናት

ምክር ቤቱ በዓመቱ መጀመሪያ የሰበሰበው የዳሰሳ ጥናት መልስ ከሻንግሃይ መዘጋት በፊት የተሰጠ ስለነበር ሁኔታውን ሊያሳይ አልቻለም። ከዚህም ሌላ በፌብሩዋሪ መጨረሻ የተጀመረው የዩክሬን ጦርነት የኩባንያዎችን ስሌት ቀይሮት ነበር። ስለዚህ በኤፕሪል መጨረሻ ተጨማሪ አጭር መጠይቅ ተልኮ 372 ኩባንያዎች መልስ ሰጡ። ውጤቱ በሜይ መጀመሪያ ይፋ ሆነ።

በውጤቱ መሠረት ከመቶ 23 የሚሆኑት ኩባንያዎች በሥራ ላይ ያለውን ወይም የታቀደውን ኢንቨስትመንታቸውን ከቻይና ወደ ሌላ አገር ለማዛወር እያሰቡ መሆኑን ገለጹ። ይህም በዓመቱ መጀመሪያ ከተመዘገበው ከእጥፍ በላይ ነበር። ከመቶ 60 የሚሆኑት የዓመቱን የገቢ ግምታቸውን ዝቅ አድርገዋል። ከመቶ 92 የሚሆኑት ደግሞ የአቅርቦት ሰንሰለታቸው በእገዳዎቹ ሳቢያ መጎዳቱን አስታውቀዋል።

እነዚህ አኃዞች በዓለም የመገናኛ ብዙኃን በስፋት ተሠራጭተዋል። ምክር ቤቱ በደብዳቤ ያነሣው ጉዳይ በዚህ መንገድ በቁጥር ተደግፎ ለሕዝብ ቀረበ። ለአንድ የንግድ ምክር ቤት ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። አስተናጋጁን መንግሥት በአደባባይ መተቸት የተዘጋ በር ሊያስከትል ይችላል፤ ዝም ማለት ደግሞ አባላቱ መዋጮ የሚከፍሉበትን ምክንያት ያሳጣል።

የበጋው ወራት፡ ከፊል መሻሻል

ጁን 20 ቀን ዓመታዊው የንግድ መተማመን ዳሰሳ ጥናት ከአስቸኳይ ጥናቱ ጋር ተያይዞ ወጣ። ጁን 28 ቀን ደግሞ ቻይና ከውጭ የሚገቡ መንገደኞች በለይቶ ማቆያ የሚቆዩበትን ጊዜ ወደ 7 ቀን፣ ከዚያም በኋላ በቤት የ3 ቀን ክትትል ወደሚደረግበት ዝቅ አደረገች። ጁላይ 19 ቀን የአውሮፓ ኅብረትና ቻይና ከፍተኛ የኢኮኖሚና የንግድ ምክክራቸውን በቪዲዮ አካሄዱ። የዚህ ዓይነት መድረኮች ለንግድ ምክር ቤት ጠቃሚ ናቸው። በሥራ ቡድን ደረጃ የተነሣ አንድ ጉዳይ በመንግሥታት መካከል ወደሚደረግ ውይይት የሚሸጋገርበት መንገድ ይህ በመሆኑ ነው።

በዚህ ወቅት ምክር ቤቱን ያሳሰበው ሌላው ጉዳይ የውጭ አገር ሠራተኞች መመናመን ነበር። የቻይና የ2020 የሕዝብ ቆጠራ በዋናው ምድር የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን ቁጥር 845 ሺህ 697 አድርሶት ነበር። ከአንድ ነጥብ አራት ቢሊዮን ሕዝብ አንፃር ሲታይ ይህ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው። ከሻንግሃይ መዘጋት በኋላ ቤተሰብ ያላቸው ብዙዎች የልጆቻቸው የትምህርት ዓመት እንዳለቀ ለመሄድ ተዘጋጁ። የውጭ ባለሙያ መሄድ የሚያስከትለው ጉዳት አንድ የሥራ ቦታ ባዶ ከመሆኑ በላይ ነው። ስለ አገሩ የሚያውቅና በዋናው መሥሪያ ቤት ለአገሩ ገበያ የሚከራከር ሰው ይታጣል።

የሴፕቴምበር የአቋም ሰነድ

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2022 የወጣው የአቋም ሰነድ 967 ምክረ ሐሳቦችን ይዟል። አብዛኞቹ ከሕዝብ ጆሮ የራቁ የሙያ ጉዳዮች ናቸው። የመድኃኒት ምዝገባ፣ የመንግሥት ግዥ፣ የዕቃ ደረጃ ምደባ፣ የመረጃ ዝውውርና የመሳሰሉት በዝርዝር ቀርበዋል። የሰነዱ መግቢያ ግን ከወትሮው የከረረ ነበር። የርዕዮተ ዓለም ጉዳይ ከኢኮኖሚው እየቀደመ መሆኑን በመግለጽ፣ የአውሮፓ ኩባንያዎች በቻይና የሚያደርጉት ተሳትፎ እንደ ቀድሞው ያለ ጥያቄ የሚቀጥል ተደርጎ ሊወሰድ እንደማይገባው አሳስቧል።

በዚያው ወር የታየ ሌላ እውነታ ግን ለዚህ ማሳሰቢያ ሚዛን ይሰጠዋል። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ይሠሩበት የነበረው ባስፍ ኩባንያ በደቡብ ቻይና በዣንጂያንግ እስከ 10 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ወጪ የሚጠይቅ የኬሚካል ማዕከል እየገነባ የነበረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፋብሪካ በሴፕቴምበር 2022 ሥራ ጀምሯል። ይህም በአውሮፓ ኢንቨስትመንት ውስጥ ያለውን ልዩነት ያመለክታል። ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች መዋዕለ ንዋያቸውን ሲያስፋፉ ሌሎች ብዙዎች አዲስ ውሳኔ ከማሳለፍ ተቆጥበዋል። የምክር ቤቱ የአባላት ቁጥርና የኢንቨስትመንቱ የገንዘብ መጠን አንድ ዓይነት ታሪክ የማይነግሩበት ምክንያት ይኸው ነው።

የዓመቱ ፍጻሜ

በኦክቶበር የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ 20ኛ ጉባኤ ተካሄደ። ኖቬምበር 4 ቀን የጀርመን መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልዝ ከኩባንያ ኃላፊዎች ጋር ቤጂንግን ጎበኙ። በጉብኝቱም በጀርመኑ ባዮንቴክ የተሠራው የኤም አር ኤን ኤ ክትባት በቻይና ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች እንዲሰጥ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ኖቬምበር 11 ቀን በወጡት 20 የማሻሻያ እርምጃዎች በረራን ለጊዜው የማገዱ አሠራር ተሻረ፤ የለይቶ ማቆያው ጊዜም ይበልጥ አጠረ።

በኖቬምበር መጨረሻ በበርካታ የቻይና ከተሞች ነዋሪዎች እገዳዎቹን በመቃወም አደባባይ ወጡ። ዲሴምበር 7 ቀን መንግሥት አሠራሩን በመሠረቱ የቀየሩ 10 እርምጃዎችን አወጀ። ከእነዚህም አንዱ ቀላል ሕመም ያለባቸው ወይም ምልክት የማይታይባቸው ሰዎች በቤታቸው ተለይተው እንዲቆዩ የሚፈቅድ ነበር። ይህም ምክር ቤቱ በኤፕሪል በጻፈው ደብዳቤ ከጠየቃቸው ነጥቦች አንዱ ነው። ከውጭ ለሚገቡ መንገደኞች የነበረው ለይቶ ማቆያም ከጃንዋሪ 8 ቀን 2023 ጀምሮ ቀርቷል።

የጉዞው ውጤትና ገደቡ

ደብዳቤው ከተጻፈበት እስከ ውሳኔው 8 ወር ያህል አልፏል። ውሳኔው የምክር ቤቱ ጥረት ውጤት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ቫይረሱ በእገዳ ሊገታ ከማይችልበት ደረጃ መድረሱ፣ የክፍለ አገር አስተዳደሮች ወጪ መናሩ፣ የሕዝቡ መሰላቸትና የኢኮኖሚው መዳከም ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ቻይና በ2022 ኢኮኖሚዋ ከመቶ 5 ነጥብ 5 ያህል እንዲያድግ አቅዳ የነበረ ቢሆንም የተመዘገበው ዕድገት ከመቶ 3 ነበር።

የምክር ቤቱ ድርሻ በሌላ መልኩ ሊመዘን ይገባል። ችግሩ ገና ሲጀምር ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚጎዳና ምን ቢደረግ እንደሚቃለል በጽሑፍ አስፍሯል። ጉዳዩን የሚመለከቱ ባለሥልጣናት መረጃ አልደረሰንም ሊሉ የሚችሉበት ሁኔታ አልነበረም። በ2023 በወጣው የንግድ መተማመን ዳሰሳ ጥናት፣ ካለፈው ዓመት ይልቅ ሥራ ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኗል ያሉት ኩባንያዎች ከመቶ 64 ደርሰዋል። ይህም ጥናቱ ከተጀመረ ወዲህ ከፍተኛው ነበር። እገዳው ቢነሣም የተጎዳው አመኔታ ወዲያውኑ እንዳልተመለሰ ቁጥሩ ያሳያል።

የቻይና መንግሥት በኦገስት 2023 የውጭ ኢንቨስትመንትን ሁኔታ ለማሻሻል 24 ነጥቦችን የያዘ መመሪያ አውጥቷል። በዲሴምበር 2023 ደግሞ የፈረንሳይን፣ የጀርመንንና የሌሎች ጥቂት የአውሮፓ አገሮችን ዜጎች ያለ ቪዛ ማስገባት ጀምሯል። ምክር ቤቱ እርምጃዎቹን ተቀብሎ፣ የሚያስፈልገው የተነገረው በተግባር መዋሉ እንደሆነ በተከታታይ ሰነዶቹ አመልክቷል። ሚስተር ዉትከ በሜይ 2023 ኃላፊነታቸውን ያስረከቡ ሲሆን በምትካቸው ሚስተር የንስ ኤስክሉንድ ተመርጠዋል።

የምክር ቤቶቹን ሰነዶች እንዴት ማንበብ ይገባል

የዚህ ዓይነት ሰነዶች የሚደርሷቸው የመንግሥት ሠራተኞች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

በመጀመሪያ የንግድ ምክር ቤት የዳሰሳ ጥናት በፈቃደኝነት መልስ በሰጡ አባላት ላይ የተመሠረተ ነው። በአገሪቱ የሚገኙትን የውጭ ኩባንያዎች ሁሉ አይወክልም። ችግር የገጠመው ኩባንያ ለመጠይቁ መልስ ለመስጠት የበለጠ ፍላጎት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ዓመት ቁጥር ይልቅ ተመሳሳይ ጥያቄ ለተከታታይ ዓመታት ሲቀርብ የሚታየው ለውጥ የበለጠ ትርጉም አለው።

ሁለተኛ፣ ለመዛወር ማሰብና መዛወር የተለያዩ ናቸው። ከመቶ 23 የሚሆኑት ስለ መዛወር ማሰባቸው ፋብሪካዎቻቸው ተነቅለው ሄዱ ማለት አልነበረም። ነገር ግን አዲስ ኢንቨስትመንት የሚቀረው በጩኸት አይደለም። ያልተገነባ ፋብሪካ በማንኛውም መዝገብ ላይ አይታይምና ስለ እሱ አስቀድሞ ማወቅ የሚቻለው ባለሀብቱን በመጠየቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ የአባሎቹን ጥቅም ለማስከበር የቆመ ነው። ከሚያቀርባቸው ምክረ ሐሳቦች መካከል ከአገሪቱ የልማት ዓላማ ጋር የሚጣጣሙ እንዳሉ ሁሉ የአገር ውስጥ አምራቾችን ሊጎዱ የሚችሉም ይኖራሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራም ሁሉንም መቀበል ወይም ሁሉንም መግፋት ሳይሆን አንድ በአንድ መርምሮ መልስ መስጠት ነው። መልሱ አሉታዊ ቢሆንም እንኳ ምክንያቱ ከተገለጸ ባለሀብቱ ዕቅዱን በዚያው ልክ ሊያስተካክል ይችላል።

በኢትዮጵያ የአገር ውስጥ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 341/1995 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት የተደራጁ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኩባንያዎችን የሚያሰባስብ የንግድ ምክር ቤትም በአዲስ አበባ ይንቀሳቀሳል። የኢትዮጵያና የቻይና ገበያ በስፋትም ሆነ በባሕርይ የተለያዩ ቢሆኑም፣ የውጭ ኩባንያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኝባቸው በሮች፣ ማለትም ጉምሩክ፣ ግብር፣ የሥራ ፈቃድና የውጭ ምንዛሪ፣ ተመሳሳይ ናቸው። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራ ባለሙያ የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ሰነድ ከክስ ይልቅ እንደ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ቢያነበው ይጠቀማል። በቻይና የታየው የ2022 ጉዞ እንደሚያስረዳው፣ በኤፕሪል ተጽፎ የነበረ ምክር በዲሴምበር ሥራ ላይ ሲውል በመካከሉ ያለፉት ወራት ያስከፈሉት ዋጋ ተመልሶ አይገኝም።